ፓራሹት ማሳረፍን ከኢንተርኔት መማር ይበቃል? ጥያቄዬና የመጡልኝ 23 መልሶች

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በፓራሹት መዝለል ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን 31 ጊዜ ዘልያለሁ። ለመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ የሚጠየቁትን 25 ዝላዮች ጨርሼ ካርዴ ተፈርሞልኛል። ይህን የምጽፈው ግን ቀኝ እግሬን ትራስ ላይ አሳርፌ ነው። ቅዳሜ ዕለት መሬት ስረግጥ ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። አጥንት አልተሰበረም፤ ሐኪሙ የሦስት ሳምንት ዕረፍት አዞልኛል።

ችግሬ የቆየ ነው። ፓራሹቱ ተከፍቶ፣ ሜዳውን ዞሬ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ እስክመጣ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። መሬት ልደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ ፍጥነቱን ለመግታት ሁለቱን የመሪ እጀታዎች ወደ ታች እስባለሁ። ያን ጊዜ የፓራሹቱ ቀኝ ጎን ይወርዳል፣ ወደ ቀኝ ያዞረኛል፣ በጎኔ እወድቃለሁ። ይህንኑ በእንግሊዝኛ መድረኮች ላይ ጽፌ ከሠላሳ በላይ ምክር አግኝቻለሁ። አንዱ የመሪ ገመዶቹ ርዝመት እኩል አይደለም አለኝ። ሌላው የጎን ነፋስ ነው አለ። ሦስተኛው የእግር ማሰሪያዬ በአንድ በኩል ጠብቋል አለ። አንዱ ደግሞ 190 ካሬ ጫማ የሆነው ፓራሹቴ ትልቅና ሰነፍ ስለሆነ ወደ 150 ብወርድ ችግሩ እንደሚጠፋ ነግሮኝ፣ የሚሸጥ ሰው ጭምር ጠቆመኝ።

በምዘልበት ሜዳ ያሉት አሰልጣኞች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ከእንግዶች ጋር ታስረው ሲዘሉ ይውላሉ። ፈቃዴን ከያዝኩ ወዲህ ሳርፍ ቆሞ ያየኝ ሰው የለም። የፓራሹት አነዳድ የአንድ ቀን ኮርስ ይሰጣል፤ ዋጋው ለኪሴ ቀላል አይደለም። ከማውቀው አብዛኛውን ያገኘሁት በማንበብና ቪዲዮ በማየት ነው። ቀሪውንም ከሚያውቁ ሰዎች በጽሑፍ ብማር ምን ይጎድለኛል?

መልሶቹ

የውይይቱ ክር ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አሁን ረግቧል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ያጠራቸው ሰዎች ስለጠየቁኝ የተባለውን በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። በማንም ላይ አልጨመርኩም፤ ያመመኝንም አልቀነስኩም።

1ኛውን መልስ የጻፈችው በሲያትል የምትኖር እኅት ናት። እግዚአብሔር ይማርህ ብላ ጀመረችና ከእኔ ጋር ተስማማች። ከመጀመሪያው ዝላይ በፊት የሚሰጠው የምድር ትምህርት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እርሷ ከዚያ በፊት አንድ ወር ሙሉ ስታነብ ስለቆየች፣ ገመዱ ሲጠማዘዝ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው እጀታ ዋናውን ፓራሹት እንደሚያላቅቅ፣ የትኛው መጠባበቂያውን እንደሚከፍት በቃሏ ይዛ ነበር የገባችው። አጠገቧ የተቀመጡት ቃላቱን ሲያጠኑ እርሷ እጇን ታለማምድ ነበር። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ስለነበር መልሷ ልቤን ደስ አሰኘው።

2ኛው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ 150ውን እንዳልገዛ የሚል።

3ኛው ምክንያቱን ይዞ መጣ። በመጀመሪያ ክብደቴን ጠየቀኝ፤ 82 ኪሎ አልኩት። ያ በፓውንድ 181 ገደማ ነው። ፓራሹቱ ከነማቀፊያው፣ ልብሱና የራስ ቁሩ 25 ፓውንድ ቢመዝኑ ድምሩ 206 ይሆናል። ለ190 ሲካፈል እያንዳንዱ ካሬ ጫማ 1.08 ፓውንድ ይሸከማል፤ ለ150 ሲካፈል 1.37። ለጀማሪ የሚመከረው ከአንድ ፓውንድ እንዳይበልጥ ነው። እንግዲህ ሰነፍ የተባለው የእኔ ፓራሹት ራሱ ለልምዴ ፈጠን ያለ መሆኑ ነው። በ150 ላይ ያው ስሕተት በበለጠ ፍጥነት መሬት ይደርሳል። በመጨረሻም፣ 150 ግዛ ያለኝ ሰው ክብደቴን ጠይቆኝ እንደነበር ጠየቀኝ። ተመልሼ ሠላሳውንም ምክር አነበብኩ። ክብደቴን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ለሻጩ ቀብድ ልልክ የቀረኝ ሁለት ቀን ብቻ ስለነበር ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

4ኛው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ያሠለጠነ ሰው ነው። ሰላምታ አላበዛም። ጥያቄዬ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው አለ። ተማሪ ሲጀምር ሁለት አሰልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘውት የሚዘሉት ሊሸከሙት አይደለም፤ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር እየወደቀ ሰውነቱ የሚያደርገውን እርሱ ስለማያውቅ፣ አይተው በእጅ ምልክት ሊያርሙት ነው። ማሳረፍም ያው ነው አለ፤ የሚያይህ ከሌለ የምትለማመደው ስሕተትህን ነው። ከሚሞቱትም ብዙዎቹ ፓራሹታቸው በደኅና ከተከፈተ በኋላ በማረፊያ ላይ የሚሞቱ መሆናቸውን አስታወሰኝ። ከዚያም ወይ የኮርሱን ገንዘብ እንድከፍል፣ ወይ ዕቃዬን ለሚከፍል ሰው እንድሸጥ መከረኝ። በዚህ ቢያቆም ደግ ነበር። የኢንተርኔት ልጆች ከመጡ ወዲህ ስፖርቱ የሰው ማረጃ ሆኗል ብሎ ጨመረበት።

5ኛው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዞ አረመው። እንደ አሜሪካው የፓራሹት ማኅበር መዝገብ፣ በ1970ዎቹ በአገሪቱ በአማካይ በዓመት ከ42 የሚበልጡ ሰዎች ይሞቱ ነበር፤ በ2023 የሞቱት 10 ናቸው፣ የዝላዩ ቁጥር ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ለዚህም ሁለት መሣሪያዎችን አመሰገነ። አንደኛው ቢል ቡዝ የፈለሰፈው ባለሦስት ቀለበት መፍቻ ነው፤ የተበላሸውን ዋና ፓራሹት በአንድ ስበት ያላቅቃል። ሁለተኛው ጀርመናዊው ሄልሙት ክሎት በ1991 ያወጣው ሳይፕረስ ነው፤ ዘላዩ ሳይከፍት ቀርቶ 750 ጫማ አካባቢ ከፍታ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት እየወደቀ ከሆነ መጠባበቂያውን በራሱ ይከፍታል። ሁሉንም የጻፈው በትሕትና ነበር፤ 4ኛውንም አንቱ እያለ ነው ያረመው።

6ኛው መልስ ሲመጣ የመድረኩ ድምፅ ተለወጠ። የጻፉት በደርግ ዘመን በአየር ወለድ ያገለገሉ፣ ደብረ ዘይት የሠለጠኑ አባት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ ነው ያልናቸው። ፓራሹት የሚባለውን ነገር ከመንካታቸው በፊት ለሳምንታት ከእንጨት መድረክ ላይ ወደ አሸዋ ሲዘሉ እንደኖሩ ጻፉ። አሠልጣኛቸው የአሥር አለቃ በጉልበታቸው መካከል መሐረብ ያስይዛቸው ነበር። አሸዋው ላይ ሲወድቁ መሐረቡ ከወደቀ ወደ መድረኩ መመለስ ነው። እግር ከእግር፣ ጉልበት ከጉልበት፤ ከዚያ ባት፣ ጭን፣ ጎን እየተከታተሉ መሬት ይነካሉ። እኔንም ሲያርፉ እግሮችዎ ገጥመው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም አንተ አላሉኝም። አዎን፣ የገጠሙ ናቸው ብዬ መለስኩላቸው። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

7ኛው እንደገና ካሊፎርኒያው አሰልጣኝ ነው። ስለ ቁጥሩ ተሳስቻለሁ ብሎ በግልጽ አመነ፤ ይህን ሳነብ ለእርሱ ያለኝ ግምት ከፍ አለ። ክርክሩን ግን አልተወም። ያው ቢል ቡዝ መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር ዘላዩ በዚያው መጠን ይደፍራል ብሎ መናገሩን አስታወሰ። ሳይፕረስ ያልከፈተን ሰው ያድናል፤ ከመሬት አጠገብ በትንሽ ፓራሹት በኃይል የዞረን ሰው ግን የሚያድን መሣሪያ የለም።

8ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። ሚኒሶታ የሚኖር ወጣት ነው። አሰልጣኞች እውቀቱን በኪሳቸው ቆልፈው በገንዘብ የሚሸጡ ናቸው አለ። ማስረጃም ነበረው። ከአንድ የዝላይ ሜዳ የተከራየው ፓራሹት መጠባበቂያው የታጠፈበት ቀን ካርዱ ላይ ሲታይ፣ እንደገና እስኪታጠፍ የተፈቀደለት 180 ቀን አልፎት ነበር። ካርዱን አውጥቶ ማየትን የተማረው ከአንድ የኢንተርኔት ጽሑፍ ነው፤ በሜዳው ካሉት ሰዎች ማንም አልነገረውም። ሳያይ ቢዘል ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር ብሎ ጠየቀ። እኔም ይህን ጥያቄ አክብጄ ነው የያዝኩት። አምኖ የሚከራይ ጀማሪ ብዙ ነው።

9ኛው የአሰልጣኙ ነበር። ካርዱን ማየትህ ያስመሰግንሃል፤ የምድር ትምህርት ላይ ግን ይህ ይነገራል፤ ካልሰማህ ተኝተህ ነበር አለው። 10ኛው የወጣቱ ምላሽ ነበር። ሳይሰረዝ በፊት አንብቤዋለሁ፤ የሰው እናት የሚነካ ቃል ስለነበረበት አልደግመውም።

11ኛውን መድረኩን የምትመራው እኅት ጻፈችው። 10ኛውን ሰርዛ፣ የእግር ወለምታ በቅቤ እንደሚታሽ የአፍ ወለምታ ግን መታሻ እንደሌለው አስታወሰች። እኔ እግሬን ወለም ብሎኝ ለመጣሁት ሰው ከዚህ የተሻለ ተግሣጽ አልነበረም። ከዚያም ዝም አላሰኘችንም፤ እያንዳንዱ ሰው በንባብ ያገኘውን አንድ ነገር ወይም ከሰው እጅ ያገኘውን አንድ ነገር እንዲጽፍ ጠየቀች። ክሩ የዳነው በዚህ ይመስለኛል።

12ኛዋ ከናታንያ፣ እስራኤል ናት። ሆድን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ጀርባን እንደ ቀስት ለጥጦ፣ እግርን ዘርግቶ መውደቅን ከቪዲዮ ከመቶ ጊዜ በላይ አይታዋለች። አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታም ትለማመደው ነበር። የነፋስ ዋሻ ውስጥ፣ ማለትም ከታች በሚነፍስ ኃይለኛ አየር ሰው ተንሳፍፎ በሚለማመድበት ክፍል ውስጥ የገባች ዕለት አሰልጣኙ ፊቷ ላይ ሁለት ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ አሳያት፤ እግርሽን ዘርጊ ማለት ነው። ዘርግቻለሁ ብላ ስለምታምን ዝም አለች። ደግሞ አሳያት። ሦስተኛ ጊዜ እጁን ሰዶ ተረከዟን ነካው፤ ተረከዟ መቀመጫዋ ጋር ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። እግሯ የተዘረጋ የመሰላት በሐሳቧ እንጂ በሰውነቷ አልነበረም። ቪዲዮው ምንም አልተሳሳተም ነበር፤ ነገር ግን እርሷን አያይም። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

13ኛው ከስቶክሆልም የንባብን ጎን ያዘ። የአሜሪካው ማኅበር መጽሔት የአደጋ ዘገባዎችን ስም ሳይጠቅስ ያወጣል። እርሱ ዓርብ ማታ አንዱን ያነብና፣ ያ ሰው የወሰነበትን ከፍታ በወረቀት ጽፎ፣ ከዚያ በላይ እኔ ምን አደርግ ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አሰልጣኙ ፓራሹትህ 2,500 ጫማ ላይ ካልተስተካከለ ወደ መጠባበቂያህ ሂድ ብሎ አስተምሮታል። ያንን ከፍታ አልፈው ገመድ ሲፈቱ የቆዩ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው የነገሩት ግን ዘገባዎቹ ናቸው። የትኛውም አሰልጣኝ በአንድ ሜዳ ላይ ያን ያህል ሊያይ አይችልም፤ በዚህ ተስማምቻለሁ።

ከ14ኛው ጀምሮ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። ዱባይ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ እኅት በዕረፍት ቀኗ በፓልም ጁሜራ ላይ የሚወርዱትን ቁጭ ብላ እንደምታይ፣ የዓይን መነጽር እንደምታደርግ ጽፋ ይቻላል ወይ አለች። 15ኛው በመነጽሯ ላይ የሚደረብ ሰፊ መከላከያ ስላለ ምንም እንደማያግዳት ነገራት። 16ኛው ቢሾፍቱ ላይ ቢዘለል አየሩ ስለሚሳሳ ፓራሹቱ አንድ አምስተኛ ያህል እንደሚፈጥን ጻፈ። 17ኛው፣ መሐንዲስ ነው፣ አስተካከለው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ወደ 17 በመቶ ይሳሳል። ፍጥነቱ የሚጨምረው ግን በካሬ ሥሩ ልክ ስለሆነ አሥር በመቶ ገደማ ነው። በሙቀት ቀን ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ ሜዳ የተጻፈ ምክር ለደጋ ሰው እንዳለ አይሆንም አለ። ከዋናው ጉዳይ የወጣ ወሬ ቢመስልም ለእኔ ጥያቄ የቀረበ ነበር፤ የእንግሊዝኛ መድረኮቹ ክብደቴን እንዳልጠየቁኝ ሁሉ የሜዳዬን ከፍታም አልጠየቁኝም ነበር።

18ኛው ላይ ጋሼ ተመለሱ። ደብረ ዘይት ላይ መሬቱ ቶሎ እንደሚመጣ የእርሳቸው ጉልበት እስከዛሬ ይመሰክራል። ከዚያ ስለ ሁበርት ጁልያን አጫወቱን። ትሪኒዳድ ተወልዶ፣ በ1923 በኒው ዮርክ ሃርለም ላይ በፓራሹት ዘሎ ካሰበው ቦታ ርቆ ጣሪያ ላይ ያረፈው ያ ጥቁር ሰው፣ በ1930 ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል በፊት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በፊታቸው ዘሏል። በኋላም የንጉሡን አውሮፕላን ከሰከሰ። ጋሼ ይህን ያነሡት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ድፍረቱን ማንም አይክደውም፣ አጠገቡ ቆሞ እንዲህ አይደለም የሚለው ሰው ግን አልነበረውም ብለው ደመደሙ። 19ኛው ላይ አንድ ልጅ እናቱ እንዳይዘል እንደገዘቱት ጽፎ ምክር ጠየቀ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም፤ እኔም በእናቱ ጉዳይ መግባት ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ።

20ኛው የእኔ ነው። እግሬ ሲድን ሦስት ሰዓት ነድቼ ሌላ ሜዳ ሄድኩና ኮርሱን ወሰድኩ። አሰልጣኟ ጠዋት ስለ ገመድም ስለ ነፋስም ምንም አላለችኝም፤ ሂድና ዝለል፣ እኔ ታች ቆሜ እቀርጽሃለሁ አለችኝ። አረፍኩ፤ እንደለመድኩት ወደ ቀኝ ወደቅሁ። ሣሩ ላይ አጠገቤ ተንበርክካ ስልኳን ሰጠችኝ። ቪዲዮውን በዝግታ አየሁት። ሁለቱ እጆቼ እኩል እየወረዱ ሳለ፣ መሬቱ ሲቀርብ ቀኝ እጄ ብቻውን ከጎኔ ወጥቶ ወደ መሬት ይዘረጋል። ሰው ሲወድቅ እጁን እንደሚዘረጋ ማለት ነው። እጀታውን ግን አለቀቀም። እጁ ሲወርድ የቀኙ መሪ ገመድ ይሳባል፣ የፓራሹቱ ቀኝ ጎን ይወርዳል፣ እኔም እጄ ወደተዘረጋበት እወድቃለሁ። እወድቃለሁ ብዬ ስፈራ ራሴን እጥል ነበር። ገመዱ ደኅና ነው፤ ነፋሱም፣ ማሰሪያውም፣ 190ውም ደኅና ናቸው። ለሠላሳ ሰው ፓራሹቱ ወደ ቀኝ ይጥለኛል ብዬ ጻፍኩ እንጂ ቀኝ እጄን እዘረጋለሁ ብዬ አልጻፍኩም፤ እጄ መዘርጋቱን አላውቅማ። ሰዎቹም የመለሱት የጠየቅኋቸውን ነው።

ከሰዓት በኋላ እጀታዎቹን እንደያዝኩ ሁለቱን እጆቼን ደረቴ ፊት አቀራርቤ አብሬ እንዳወርድ፣ ዓይኔንም ከእግሬ ሥር አንሥቼ አርቄ እንድመለከት አደረገችኝ። በሦስተኛው ዝላይ ቆሜ አረፍኩ።

21ኛው ካሊፎርኒያው አሰልጣኝ ነበር፤ ክሩ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ የነካኝ ይህ ነው። ዕቃህን ሽጥ ማለቴ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ አለኝ። ወጣቱንም በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ ወደ ራሱ ሙያ ዞረ። ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ ስድስት ጊዜ ሳርፍ አንድ አሰልጣኝ እንኳ ዞር ብሎ አለማየቱ የእኔ ጥፋት ሳይሆን የእነርሱ ነው አለ። ሰው ተመልካች ሲያጣ ወደ ኢንተርኔት ቢሄድ ሊፈረድበት አይገባም። እርሱም በሚሠራበት ሜዳ ከእንግዳው ዝላይ ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ማረፊያው ላይ ለመቆም እንደወሰነ ጻፈ። የቃሉ ሰው እንደሆነ አምናለሁ።

22ኛው ወጣቱ ነው። ይቅርታውን ተቀበለ፤ የእርሱን ግን አልጠየቀም፤ ጊዜ ይፈልግ ይሆናል። የመጨረሻውን የማረፊያ ቪዲዮ መድረኩ ላይ እንዳወጣው ለመነኝ፤ እርሱም ወደ ግራ ያጋድለዋል። አወጣሁት።

23ኛው በማግሥቱ መጣ፤ ከጋሼ። ቪዲዮውን የልጅ ልጃቸው እየደጋገመ እንዳሳያቸው ጻፉ። እጆቼ አሁን እኩል ናቸው፣ ዓይኔም ከፍ ብሏል። ነገር ግን ከመርገጤ በፊት ባለችው ቅጽበት ላይ እንዳቆመውና እግሮቼን እንድመለከት አዘዙኝ። አቆምኩት። የገጠሙ ናቸው ብዬ የመለስኩላቸው እግሮቼ ከስንዝር በላይ ተራርቀው ነበር።